ሙሽራዋ እስክትመጣ

የአንባቢ ደብዳቤ

«እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የምሠራ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ሠርግ፣ ምርቃትና ክርስትና አነሳለሁ፤ ሥራ በሌለበት ቀን ደግሞ የጉርድ ፎቶ። ጓደኛዬ የአንድ የውጭ አገር የዘመናዊ ፎቶግራፍ ውድድር ማስታወቂያ ላከችልኝ። ከ8 እስከ 10 ፎቶ ያለው ተከታታይ ሥራ ይጠይቃል፤ መመዝገቢያው 35 ዶላር ነው። እኔ ያሰብኩት የጥምቀት ፎቶዎቼን ልልክ ነው። በየዓመቱ አነሳለሁ፤ ያየ ሁሉ ይወዳቸዋል።

ሌላም አለኝ፤ ግን ለውድድር የሚሆን አይመስለኝም። ሠርግ ቤት ቀድሜ ገብቼ ላይት ስተክል ሙሽሮቹ ገና አልደረሱም። ስለዚህ ባጠገቤ የሚያልፈውን ሰው ‹እስኪ አንዴ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ በሉልኝ፣ ብርሃን ልለካ› እላለሁ። የሙሽራዋ አክስት ትሁን፣ ወጥ ቤት ያለችው ሴት፣ ጥበቃው፣ ለስላሳ የሚያመላልሰው ልጅ፣ የተገኘው ይቀመጣል። ባልደረቦቼ ይህን ዓይነቱን ፎቶ ወዲያው ያጠፉታል። እኔ ግን ማጥፋቱ እያሳዘነኝ አራት ዓመት አከማቸሁ። የተወሰኑትን ከጥምቀቶቹ ጋር ልኬልዎታለሁ።

ጓደኛዬ ‹ፈረንጅ ድህነት ካልሆነ አይመርጥም› ትለኛለች። የአንዳንዶቹ ፎቶ ኦርጅናል ጠፍቶ ቴሌግራም ላይ ያለው ብቻ ነው የቀረኝ፤ የአሠሪዬ ልጅ ‹በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እናጠራዋለን› ብሎኛል። የሥራ መግለጫ ጻፉ ስለሚል ‹ፎቶግራፍ የነፍስ ቋንቋ ነው› ብዬ ጀምሬ ከዚያ አልቀጥል አለኝ። ካሜራው የፎቶ ቤቱ እንጂ የእኔ አይደለም። ምን ይመክሩኛል? — ብርሃን ለኪዋ፣ ከጎንደር»

መልስ

ውድ እህቴ፣

መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። የጥምቀቱን ተዪው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ላኪ። 35 ዶላሩን ደግሞ ለዘንድሮ አትክፈዪ።

የጥምቀት ፎቶዎችሽ ደካማ ሆነው አይደለም። በተለይ ከንጋቱ በፊት በጧፍ ብርሃን ያነሳሻቸው አዛውንት የሠለጠነ ዓይን ሥራ ናቸው። ግን ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ስንት ካሜራ እንደሚደረደር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በዓሉን እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ ካሜራ ከየአገሩ ይመጣለታል። ከግንቡ ላይ ወደ ውኃው የሚዘሉትን ወጣቶች፣ በድባብ ሥር የሚያልፉትን ካህናት ዳኞቹ አይተዋቸዋል። ያንቺ ከሌላው ቢሻል እንኳ የሚሻለው በጥቂት ነው፤ ዳኛ ደግሞ በጥቂት የሚሻልን ሥራ ከክምር ውስጥ ለይቶ አያስታውስም።

እዚያው ከከተማሽ በላይ ያለውን የሰሜን ተራሮችን ውሰጂ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ በሚያካሂደው የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉ ወጣቶች ምድብ ያሸነፈው ፎቶ ከዚያ ነው የመጣው። ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ በገደሉ አፋፍ የምትሻገር ጭላዳ ዝንጀሮ ናት፤ ያነሳት ጣሊያናዊ ልጅ ነው። ይገባዋል። ተራራው ታግሦ ለጠበቀው ሁሉ ክፍት ነው፤ ጥምቀትም እንዲሁ። የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሙሽሮቹ ከመድረሳቸው በፊት ያለው አንድ ሰዓት ግን ለእንግዳ ክፍት አይደለም። ለዚያ ሰዓት መግቢያ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ ማንም እያየሽ እንዳላየሽ ያልፍሻል፣ ምክንያቱም የፎቶ ቤቷ ልጅ ነሽ።

አሁን ፎቶዎቹን እንያቸው። በአራተኛ ደረጃ የላክሽልኝን ደጋግሜ አየሁት። የወጥ ቤቷ ሴትዮ ሽርጧን ሳትፈታ፣ ኮንጎ ጫማዋን እንዳደረገች ወርቅ ቀለም በተቀባው የሙሽራ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መሐል ድረስ አልገባችም። ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ ይዛቸዋለች፤ በርበሬ የነካው እጇ ነጩን ጨርቅ እንዳያበላሽ ነው። የምታየው ሌንሱን ሳይሆን ከጎኗ ያቆምሽውን ሶፍትቦክስ፣ ብርሃን የሚያለሰልሰውን ሣጥን፣ ነው። ይህን ማንም «እንዲህ ሁኚ» ብሎ ሊያዘጋጀው አይችልም። ጥበቃው ያለበት ደግሞ ሌላ ነው። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ዱላውን አጋድሞ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የተቀመጠው እንደ ሙሽራ ነው። ከኋላው በዲኮሩ ላይ የተጻፈው የሙሽሮቹ ስም ግማሹ በርቷል፣ ግማሹ ገና አልበራም። ሰውዬው ያንን ወንበር በቁም ነገር ወስዶታል። «ሰው ይቀመጣል፣ ብርሃን እለካለሁ» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ይህ ነው፤ ለሌላ ሰው የተዘጋጀ የክብር ቦታ ላይ ለአንድ ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ምን ይሆናል? አንዳንዱ ይሳቀቃል፣ አንዳንዱ ይኮራል፣ ልጁ ደግሞ እግሩን ያወዛውዛል። የዘመናዊ ፎቶግራፍ ውድድር ዳኞች የሚፈልጉት እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ ይዞ ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚሄድ ሥራ ነው። የካሜራው ውድነትም ሆነ የበዓሉ ድምቀት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለ ድህነቱ ጓደኛሽ ያለችው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ስለ አገራችን ለረጅም ጊዜ በውጭ የታየው ምስል ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ቂሙም አልወጣልንም። ግን ያለፉትን ዓመታት ተመልከቺ፤ ሦስት የአገራችንን ፎቶግራፈሮች ልጥቀስልሽ። ግርማ በርታ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የ10,000 ዶላር ድጋፍ ካሸነፉት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው፣ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፉ ሰዎችን በስልኩ አንስቶ፣ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ ከጥላቸው ጋር በደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን በማቆም ነው። ሊስትሮውም ተሸካሚውም አሉበት፤ የሚታዩት ግን በቁመናቸው ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ለንጹሕ ውኃ ከሚሠራው ድርጅት ከዋተርኤይድ ጋር ስለ ውኃ እጦት በሠራችው ሥራ ሴቶቹን ፊታቸውን በቀለም ቀብታ፣ በአፋር ዳሎል ጨው ሜዳ ላይ እንደ ንግሥት አቁማቸዋለች። ችግሩን አልደበቀችም፣ ሴቶቹንም አላዋረደችም። ሙሉጌታ አየነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም አቀፉ የዜና ፎቶ ውድድር፣ በወርልድ ፕረስ ፎቶ፣ ያሸነፈው በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰውን የአየር መንገዳችንን አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 302ን፣ ተከትሎ ባነሳው የሐዘን ሥራ ነው። ሦስቱ በአንድ ዓይን አያዩም፤ ሦስቱም ተመርጠዋል።

ይልቅ የጓደኛሽ ስጋት ላንቺ የሚጠቅምሽ በሌላ በኩል ነው። ከአራት ዓመቱ ክምችት ውስጥ ወጥ ቤቷን፣ ጥበቃውንና ተላላኪውን ብቻ መርጠሽ ብትልኪ ሥራው «ድሃ በሀብታም ወንበር» ይሆናል፤ ዳኛውም እንደዚያ ብቻ ያነበዋል። ስለዚህ ወርቅ ያጠለቀችውን አክስት አስገቢ። ሱፍ የለበሰውን ሚዜ፣ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ያንቀላፋውን የቪዲዮ ባልደረባሽን፣ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰችውን ሕፃን አስገቢ። ወንበሩ ለሁሉም እኩል እንግዳ መሆኑ መታየት አለበት።

ምርጫውን በኮምፒዩተር አትጨርሺው። ፎቶ ቤት ውስጥ ነሽና 10 በ15 አድርገሽ 40 ያህሉን አትሚ፣ ወለል ላይ ዘርጊ፣ ለጥቂት ቀን ጠዋትና ማታ እየተመለስሽ እዪያቸው። ያን ጊዜ የሚሆነውን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ የወደድሻቸው ውብ ውብ ፎቶዎች እርስ በርስ መመሳሰል ይጀምራሉ። ሁለት ፎቶ አንድ ነገር ከተናገሩ አንዱ ይውጣ፣ የቱንም ያህል ብትወጂው። በተለይ የሳቁ ፊቶች በዝተውብሻል፤ ሁለት ይበቃሉ። ዳኞች የመጀመሪያውን ዙር የሚያዩት በጥድፊያ ስለሆነ መክፈቻው ፎቶ ነገሩን ወዲያው ማስረዳት አለበት፤ እኔ ብሆን በጥበቃው እከፍታለሁ፤ ወንበሩም፣ ዲኮሩም፣ የላይት ስታንዱም ሙሉ በሙሉ የሚታዩት እዚያ ላይ ነው። ወጥ ቤቷ መሐል ላይ ትምጣ። መጨረሻውን ላንቺ እተወዋለሁ። ዘጠኝ ጠንካራ ፎቶ ካለሽ አሥር ለመሙላት አትድከሚ።

የፎቶ ቤት ልማድሽን እዚህ ላይ አውልቀሽ አስቀምጪው። ቆዳ አታለስልሺ። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ኤክስቴንሽን አታጥፊ፣ የላይቱን ስታንድ ቆርጠሽ አታውጪ፣ ሪፍሌክተር (ብርሃን አንጸባራቂ) የያዘው ልጅ እጅ ቢገባ ይግባ። በሠርግ አልበም እነዚህ ስህተት ናቸው፤ እዚህ ግን ታሪኩን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ የውድድር ደንብ ጉዳይም አለ። ወርልድ ፕረስ ፎቶን የመሰሉ የዜናና የዶክመንተሪ ውድድሮች ኦርጅናሉን ፋይል ጠይቀው ከተላከው ጋር ያስተያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ፎቶግራፈር ሽልማቱን የተነጠቀው ከፎቶው ጥግ ላይ የሌላ ሰው እግር ጫፍ ስላጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ወደ መጨረሻው ዙር ከተጠጉት ሥራዎች አምስተኛው ያህሉ በዚህ ዓይነት ምክንያት ወደቁ። የዘመናዊ ፎቶግራፍ ውድድሮች በዚህ ረገድ ይለያያሉ፤ ኮላዥም፣ ቀለም መለወጥም የሚፈቅዱ አሉ። ያንቺ ሥራ ግን ጉልበቱ ከእውነትነቱ ስለሆነ ከብርሃንና ከቀለም ማስተካከል አትለፊ።

ከዚህ ጋር የአሠሪሽ ልጅ ያለውን ልመልስ፤ በኤአይ አታጠሩ። በቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከ ፎቶ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ይህ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በጥሩ የኅትመት ጥራት፣ ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያወጣው ኦርጅናል ግን 50 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ኤአይ የጎደለውን አይመልስልሽም፣ ፈጥሮ ነው የሚሞላው። የሴትየዋን የዓይን ሽፋሽፍት፣ የእጇን መሥመር ከራሱ አምጥቶ ይሥላል፤ ያ ደግሞ የእሷ ፊት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በሶኒ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ሽልማት አንድ ጀርመናዊ አርቲስት በኤአይ በተሠራ ምስል በአንድ ዘርፍ አሸንፎ፣ ነገሩን ራሱ ይፋ አድርጎ ሽልማቱን አልቀበልም ካለ በኋላ ይህ ጉዳይ በየውድድሩ ደንብ ውስጥ በጥብቅ መግባት ጀምሯል። ኦርጅናሉ የጠፋውን ፎቶ ተዪው። ከመተውሽ በፊት ግን የድሮ ሚሞሪ ካርዶችንና የፎቶ ቤቱን ሃርድ ዲስክ አገላብጪ፤ ከካርድ ላይ የጠፋ ፋይል ሌላ ፎቶ ካልተጻፈበት በማስመለሻ ፕሮግራም የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቃል ያልተነፈስሽበት ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ብርሃን እንድትለኪ ነው። ፎቶው እንደሚቀር አላወቁም፣ ለንደንም ሆነ ሌላ የውጭ ከተማ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ከቶ አላሰቡም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የአንድ ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም ግን ነገሩ ያው ነው። ሴትየዋ ሥራ ላይ ናት፣ ላብ በላብ ናት፣ «እሺ» ያለችሽ ልትተባበርሽ ብላ ነው። ያንን ፎቶ ከእሷ እውቅና ውጭ ማሳየት አይገባሽም።

ስለዚህ የመረጥሻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጊ። ጎንደር ነው፤ በሙሽሮቹ ቤተሰብ፣ በደጋሾቹ በኩል ይገኛሉ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ፎቷቸውን በደንብ አሳትመሽ ያዢላቸው፣ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም የእነሱ ነው። ሌሎቹን ፎቶዎች አሳዪያቸው፣ የት እንደሚላክ ንገሪያቸው፣ ሽልማት ቢገኝ ምን እንደምታደርጊላቸውም አብራችሁ ተነጋገሩ። ፈቃዱን በአማርኛ በአጭሩ ጽፈሽ አስፈርሚ፤ መፈረም ለማይችል በስልክ ድምፅ ቅጂ። ለልጆቹ ወላጆቻቸውን ጠይቂ። ስማቸውን እንዴት መጻፍ እንደሚፈልጉ፣ ሥራቸውንም እንዴት መጠራት እንደሚፈልጉ ጠይቂ፤ «ወጥ ቤት» ከመባል «ባለሙያ» መባልን የምትመርጥ ትኖራለች። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «አንዲት ሴት» ብሎ ነገር አይኑር። ሙሉ ስም፣ ከዚያ «የሙሽራዋ አክስት፣ ጎንደር፣ ጥር 2016 ዓ.ም.»፣ በቃ።

ሴትየዋ «አይሆንም» ካለችሽስ? ይወጣል። ከሁሉ የሚበልጠው የእሷ ፎቶ መሆኑን አውቄ ነው ይህን የምጽፍልሽ። አትለማመጫት፣ «ፊትሽን እናደብዝዘው» አትበያት። አመስግነሽ ፎቶውን ሰጥተሻት ተመለሺ።

የሰዎቹ ፈቃድ ከውድድሩ ደንብ ጋርም ይያያዛል። ደንቡን ሙሉውን አንብቢ፤ በተለይ ስለ ፎቶው አጠቃቀም የሚናገረውን። «ውድድሩን ለማስተዋወቅ፣ ለኤግዚቢሽኑና ለካታሎጉ፣ የፎቶግራፈሩን ስም ጠቅሰን እንጠቀማለን» የሚል ተገቢ ነው። «ለዘላለም፣ ለማንኛውም ዓላማ፣ ያለ ክፍያ፣ ለሦስተኛ ወገን የማስተላለፍ መብት ይኖረናል» የሚል ካየሽ ግን ዝጊው። እንዲህ የሚያደርጉ ውድድሮች ከሽልማቱ ይልቅ የሚፈልጉት ነፃ የፎቶ ክምችት ነው። ላሸናፊው ብቻ ሳይሆን ለገባው ሁሉ የሚሠራ ስለሆነ ሳታሸንፊም የጥበቃው ፎቶ አንድ ቀን የማታውቂው ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሰውዬው ፈቃድ የሰጠሽ ለዚያ አልነበረም።

ከፍለሽ አትግቢ ያልኩሽ ክፍያ የሚያስከፍል ሁሉ አጭበርባሪ ስለሆነ አይደለም፤ የተከበሩ ውድድሮችም ያስከፍላሉ። ግን 35 ዶላር በደመወዝሽ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ዓለም አቀፍ ካርድ ከሌለሽም ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር ሊኖርብሽ ነው። ሶኒም ወርልድ ፕረስ ፎቶም በነፃ ነው የሚያስገቡት። የሶኒው ሽልማት በሙያተኞች ዘርፍ ከ5 እስከ 10 ፎቶ ያለው ተከታታይ ሥራ ይቀበላል፤ የተመረጡትም ለንደን ሶመርሴት ሃውስ ይታያሉ። ያንቺ ሥራ ከዜና ስለሚርቅ ወርልድ ፕረስን ለጊዜው አቆዪው። ሥራሽ በአፍሪካ የተሠራ በመሆኑ የሚስማማሽ ሌላው ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ያለው የዘመናዊ አፍሪካ ፎቶግራፍ ሽልማት፣ ካፕ የሚሉት፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ ሲሆን በአፍሪካ የተሠሩ ወይም ስለ ዳያስፖራው የሆኑ ሥራዎችን አወዳድሮ አምስት አሸናፊ ይመርጣል። እዚሁ አገር ቤት ደግሞ አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ጥሪ ሲያወጣ እንዳያመልጥሽ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ፤ ይህንን ወንበር ማብራሪያ ሳይጠይቅ የሚያውቀው ተመልካች ያለው እዚህ ነው። ፕሪ ፒክቴ የሚባለውን ትልቅ ሽልማት ስሙን ሰምተሽ ከሆነ በማመልከቻ አይገባም፣ በጥቆማ ብቻ ነው። ሳትወዳደሪ «ተመርጠሻል፣ ለሰርተፊኬቱ ይህን ያህል ላኪ» የሚል መልእክት ከመጣብሽም መልስ አትስጪ።

ሰዓቱን ጠንቀቅ በዪ። ማስገቢያው «12:00 ጂኤምቲ» ካለ የለንደን ቀትር ነው፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። የምሽቱ 12 ሰዓት መስሏቸው አመሻሽ ላይ ሲከፍቱት ተዘግቶ የሚያገኙት ጥቂት አይደሉም። የኔትዎርኩንም ነገር ስለምታውቂው ሁለት ቀን ቀድመሽ ጨርሺ።

የሥራ መግለጫሽን በተመለከተ፣ «የነፍስ ቋንቋ» የሚለውን ሰርዢው። ማንም፣ ስለ ማንኛውም ፎቶ ሊጽፈው የሚችል ነው። መግለጫሽን ለእኔ ጽፈሽልኛል፤ «ሠርግ ቤት ቀድሜ ገብቼ ላይት ስተክል» ብለሽ የጀመርሽው አንቀጽ ነው። እሱን ውሰጂ፣ ምን ያህል ዓመት እንደሠራሽ፣ ባልደረቦችሽ እንደሚያጠፉትና አንቺ ለምን እንዳላጠፋሽ ጨምሪበት። «እያሳዘነኝ» ያልሽውን ቃል አትንኪ። ፎቶዎቹ ምን እንደሚሉ ግን አንቺ አታብራሪ። በአማርኛ ጨርሰሽ ስታበቂ እንግሊዝኛ በደንብ የሚችል ሰው ይመልስልሽ፤ ሰውየው ሊያሳምረው ሲል አስቁሚው።

የቀረው አሠሪሽ ነው። ካሜራው የእሱ ነው፣ ፎቶዎቹም የተነሱት በሥራ ሰዓት በእሱ ሥራ ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተቀጣሪ በሥራው ላይ የፈጠረውን ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ያደርገዋል። «የሚጠፉ ፎቶዎች ናቸው፣ ምን ያደርግለታል» ብለሽ ዝም ብትይ፣ ያሸነፍሽ ቀን ጥያቄው ይነሳል፤ አብዛኛው ውድድርም የፎቶው ባለመብት መሆንሽን አስፈርሞሽ ነው የሚቀበልሽ። ስለዚህ ሰዎቹን ፍለጋ ከመውጣትሽ በፊት ከእሱ ጋር ተቀመጪ። የታተሙትን ፎቶዎች ይዘሽ ሂጂ፣ ሳይቸኩል እንዲያያቸው አድርጊ። የደንበኞቹ አልበም ውስጥ የሚገቡ እንዳልሆኑ፣ ሙሽሮቹም እንደሌሉባቸው አስረጂው። የምትጠይቂው እነዚህን ፎቶዎች በስምሽ ለውድድርና ለኤግዚቢሽን እንድታቀርቢ መስማማቱን በሁለት መስመር ጽፎ እንዲፈርምልሽ ነው፤ በምላሹ የፎቶ ቤቱ ስም በመግለጫው ላይ በምስጋና እንዲጠቀስ አቅርቢለት። ደንበኛ እያመጣሽለት አራት ዓመት የሠራሽ ልጅ ነሽ፤ ጥያቄው ድፍረት አይደለም። እምቢ ካለ ሌላ መንገድ አለሽ፤ ከእንግዲህ በሚመጣው የሠርግ ወቅት በስልክሽም ቢሆን፣ በራስሽ ጊዜ፣ ሰዎቹን አስቀድመሽ አስፈቅደሽ አዲስ ትጀምሪያለሽ። ግርማ በስልክ እንደሠራ አስታውሺ።

ከ40ው ወደ 10 ስታወርጂ ከተቸገርሽ 20ውን ላኪልኝ፣ አይቼ ሐሳቤን እጽፍልሻለሁ። በቴሌግራም ስትልኪ ግን «ፋይል» የሚለውን መርጠሽ ይሁን።